ትከሻው የሚለካው መንገደኛ፦ የአውሮፓ የበረራ አደጋ ቁጥሮች እንዴት ይነበባሉ?

ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ በሄሊኮፕተር ተነስተው ሰሜን ባሕር መሃል ወዳሉት የነዳጅ ማውጫዎች የሚመላለሱ ሠራተኞች አሉ። እነዚህ ሰዎች ትከሻቸው በሜትር ይለካል። የትከሻው ስፋት ከ55.9 ሴንቲሜትር ያለፈ ሰው ያገኘው ወንበር ላይ አይቀመጥም። ትልቅ መስኮት አጠገብ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሲሰሙት ግን ይከብዳል። ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ቢወድቅ ያ ሰው በመስኮት ሾልኮ መውጣት አለበት። መስኮቱ ከትከሻው ከጠበበ አይወጣም።

ከቦሌ ተነስታችሁ ፍራንክፈርት ስትሄዱ ትከሻችሁን የለካችሁ አለ? የለም። ሁለቱም የንግድ በረራ ነው፣ ሁለቱም ሰው ከፍሎ ወይም ተከፍሎለት የሚሳፈርበት ነው። ዜና ላይ «በአውሮፓ የአቪዬሽን አደጋ ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ሲባል ግን አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚቀርቡት። እኔ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ምክንያቱም ሁለቱ የሚወድቁበት ምክንያት የተለያየ ነው፣ የሚድኑበት መንገድ የተለያየ ነው፣ ቁጥራቸውም በአንድ ዓይን አይነበብም። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ «አደጋ» ማለት ምን እንደሆነ እንግባባ። እኛ ቋንቋ ውስጥ የአውሮፕላን አደጋ ሲባል ወዲያው የሚታየን የተከሰከሰ አውሮፕላንና እሳት ነው። በአቪዬሽን ግን ቃሉ ትርጉም ተበጅቶለታል። ትርጉሙ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም የኢካኦ ነው። ለመብረር ብሎ የመጀመሪያው ሰው ከገባበት ደቂቃ የመጨረሻው ሰው እስከሚወርድበት ድረስ ባለው ጊዜ ሰው ከሞተ፣ ሰው ክፉኛ ከተጎዳ፣ አውሮፕላኑ ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ወይም ከነጭራሹ ከጠፋ አደጋ ነው። በ30 ቀን ውስጥ የሞተ ሰው በአደጋው እንደሞተ ይቆጠራል። ክፉኛ ተጎዳ የሚባለውም ልክ አለው። ለምሳሌ ከ48 ሰዓት በላይ ሆስፒታል የተኛ ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ማለት ነው፤ ቀላል የጣት ወይም የአፍንጫ ስብራት ግን አይገባም።

አሁን ይህን ወደ መሬት እናውርደው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን በሰላም እየበረረ እያለ የአየር መናወጥ ያጋጥመዋል። ቡና እያደለች የነበረች አስተናጋጅ ወደ ጣሪያው ተወርውራ ስትወድቅ ቁርጭምጭሚቷ ይሰበራል። አውሮፕላኑ አንድ ጭረት ሳይነካው በሰዓቱ ያርፋል። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄ በሰንጠረዡ ላይ «አደጋ» ነው። 150 ሰው ያለቀበት በረራም እዚያው ሰንጠረዥ ላይ «አደጋ» ነው። ሁለቱም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ «ዘንድሮ አደጋ ጨመረ» የሚል አርዕስት ስታዩ ቶሎ አትደንግጡ፤ ሰው የሞተባቸው ስንቶቹ ናቸው ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር አካፋዩ ነው። የአደጋ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ለስንት በረራ የሚለው ነው ወሳኙ። በአውሮፓ ሰማይ በ2019 ወደ 11.1 ሚሊዮን በረራ ነበር። በ2020 ኮሮና መጣና ወደ 5 ሚሊዮን ወረደ። በዚያ ዓመት አደጋ በግማሽ ቢቀንስ ኖሮ ደህንነቱ ተሻሻለ ማለት አይሆንም ነበር፣ የበረረው ነው በግማሽ የቀነሰው። እዚህ ላይ ሄሊኮፕተር ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአውሮፕላን አደጋ በአብዛኛው መነሳትና ማረፍ አካባቢ ስለሚበዛ በበረራ ብዛት ማካፈሉ ያስኬዳል። ሄሊኮፕተር ግን አንዱ አምቡላንስ ሆኖ አሥር ደቂቃ በርሮ ያርፋል፣ ሌላው ባሕር ላይ ከአንዱ ማውጫ ወደ ሌላው እየዘለለ በአንድ ጉዞ አራት አምስት ጊዜ ይነሳል። በበረራ ብዛት ብታካፍሉ አንድ መልስ፣ በሰዓት ብታካፍሉ ሌላ መልስ ታገኛላችሁ። «ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ይህን ያህል እጥፍ አደገኛ ነው» የሚል ቁጥር ባያችሁ ጊዜ በምን ተካፍሎ እንደመጣ ካልተጻፈ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ሦስተኛው፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢያሳ የሚባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ኮሎኝ ነው። በየዓመቱ የደህንነት ግምገማ ያወጣል። አባላቱ 27ቱ የኅብረቱ አገሮችና ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ስዊዘርላንድ፣ ሊክተንስታይን ናቸው። ብሪታንያ በ2020 መጨረሻ ወጣች። ይህ ለሄሊኮፕተር ቀላል ነገር አይደለም። የሰሜን ባሕር የብሪታንያ ወገን፣ ያ ሁሉ ከአበርዲን የሚነሳ በረራ፣ ከነአደጋው ከሰንጠረዡ ወጣ ማለት ነው። ከ2020 በፊትና በኋላ ያለውን መስመር ሳታስተካክሉ ብታነጻጽሩ ያልወረደ ነገር የወረደ ይመስላችኋል።

አንድ ልጨምር። በ2015 ማርች 24 የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ላይ ተከስክሶ 150 ሰው አለቀ። ረዳት አብራሪው ሆን ብሎ ነው የጣለው። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አያታ ግን የ2015ን የአደጋ ቁጥር ሲያወጣ እነዚህን 150 ሰዎች አላስገባም፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት እንጂ አደጋ አይደለም ብሎ ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። በአሠራሩ ስህተት የለበትም፣ የቴክኒክ ችግርና ወንጀል በአንድ ዓምድ አይደመርም። ለሟች ቤተሰብ ግን ምን ልዩነት አለው? አንባቢ ይህን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ። እዚህ ዜናው በእውነት ጥሩ ነው። የዚህን ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመት መለስ ብላችሁ ብታዩት ያስደነግጣል። በ2000 ኮንኮርድ ፓሪስ አጠገብ፣ 113 ሟች። በ2001 ሚላን ሊናቴ፣ በጭጋግ ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 118። በ2002 ኡበርሊንገን 71። በ2005 ግሪክ ውስጥ የሄሊዮስ አውሮፕላን አየር አጥቶ 121። በ2008 ማድሪድ 154። በ2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ውስጥ የገባው ኤር ፍራንስ 447፣ 228። ከጀርመንዊንግስ በኋላ ግን የኅብረቱ አየር መንገድ የሆነ ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ጊዜ የለም። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ዕድል አይደለም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ የሆነውን አንስተው አንድ ነገር ስለለወጡ ነው።

ኡበርሊንገንን ላሳያችሁ፤ ለኔ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው። ጁላይ 1 ቀን 2002፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ደቡብ ጀርመን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ከፍታ ወደ አንድ ነጥብ እየሄዱ ነው። አንዱ ልጆች የጫነ የሩሲያ ቱፖሌቭ፣ ሌላው የዲኤችኤል ጭነት አውሮፕላን። ሰማዩን የሚቆጣጠረው ዙሪክ ያለ ተቆጣጣሪ ነው። ብቻውን ነው፣ ባልደረባው እረፍት ወጥቷል። ዋናው ራዳር በጥገና ምክንያት በተቀነሰ አቅም ነው የሚሠራው። ስልኩም ለጥገና ተቋርጧል። ካርልስሩኸ ያሉ ጀርመናውያን ተቆጣጣሪዎች ግጭቱ ሲመጣ አይተው ሊደውሉለት ሞክረው አልገባላቸውም።

ተቆጣጣሪው ዘግይቶ አየና ቱፖሌቩን «ውረድ» አለው። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግጭት ከላካይ መሣሪያ ለቱፖሌቩ «ውጣ» እያለው ነው፣ ለዲኤችኤሉ ደግሞ «ውረድ» እያለው ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ነው መንገድ የሚከፋፈሉት። ዲኤችኤሉ መሣሪያውን ሰማ፣ ወረደ። ቱፖሌቩ ሰውየውን ሰማ፣ ወረደ። ሁለቱም ወረዱ። 71 ሰው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በማያሻማ መንገድ ተጻፈ፦ ሰውና መሣሪያው ከተጋጩ መሣሪያውን ስማ። በመሣሪያው ፕሮግራም ውስጥ የነበረ ድክመትም ተስተካክሎ አዲሱ ስሪት ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ በኅብረቱ ሰማይ ለሚበሩ ትልልቅ አውሮፕላኖች ግዴታ ሆነ። ልብ በሉ፣ ከአደጋው እስከ ግዴታው 13 ዓመት ነው። ያ ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2004 ቤተሰቡን በአደጋው ባጣ አባት ተገደለ። የመርማሪዎቹ ሪፖርት ግን ስለ አንድ ሰው ጥፋት የተጻፈ አይደለም። ብቻውን ስላስቀመጡት አሠራር፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ራዳሩ፣ ስለ ሥልጠናው ነው የሚናገረው። ጣት የሚቀሰረው አንድ ሰው ላይ ሲሆን እነዚህ አራቱ ነገሮች ሳይነኩ ይቀራሉ።

ኤር ፍራንስ 447ም እንደዚያው ነው። ፍጥነት የሚለካው ቱቦ በበረዶ ተደፈነ፣ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ አውቶፓይለቱ፣ ለቀቀ፣ አብራሪዎቹ ግራ ተጋብተው አፍንጫውን ወደ ላይ እየሳቡ አውሮፕላኑ ክንፉ አየር እንዳይዝ አደረጉት። ሞተሩ እየሠራ ነው የወደቀው። ብላክ ቦክሱ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ወደ 3,900 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከእንደዚህ ዓይነት ሁኔታ እንዴት እንደሚወጡ መሠልጠን ግዴታ ሆነባቸው፤ ብላክ ቦክስ ባሕር ውስጥ ድምፅ የሚያሰማበት ጊዜም ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ አለ። ማድሪድ ላይ ደግሞ ለመነሻ የሚዘረጋው የክንፍ አካል ሳይዘረጋ ተነሱ፣ ማስጠንቀቂያው ደወልም አልጮኸም።

መፍትሔ ራሱ ችግር ሊወልድ እንደሚችልም አትርሱ። የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ዋና አብራሪ ለአፍታ ወጥቶ ሲመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ያ ጠንካራ በር ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ጠላፊ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው። ጠላፊን የከለከለው በር አብራሪውንም ከለከለው። ኢያሳ ወዲያው ኮክፒት ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር የሚል ምክር አወጣ፣ በ2016 ደግሞ ምክሩን አላልቶ አየር መንገዶቹ ራሳቸው አመዛዝነው እንዲወስኑ ፈቀደ። ከዚያ ይልቅ ክብደቱ የአብራሪዎችን አእምሮ ጤና ቀድሞ ወደማየትና ችግር ያለበት አብራሪ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ሳይፈራ እርዳታ ወደሚጠይቅበት አሠራር ዞረ። ትክክለኛው አቅጣጫ ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በር ማስተካከል ሰውን አያስተካክልም።

ከኛ ጋር የሚያገናኘውን ሳልጠቅስ ባልፍ አይሆንም። ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ኢያሳ በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 12፣ 737 ማክስ በአውሮፓ እንዳይበር አገደ። አሜሪካ ያገደችው በማግሥቱ ነው። ብላክ ቦክሱም የተነበበው ፓሪስ አጠገብ ባለው የፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ነው። አሜሪካ አውሮፕላኑ እንዲበር በኖቬምበር 2020 ስትፈቅድ አውሮፓ እስከ ጃንዋሪ 2021 ቆየች። የሌላ አገር ተቆጣጣሪ «እኛ ራሳችን ሳናየው አይበርም» ማለት መቻሉ ስንት ነፍስ እንደሚያድን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አሁን ሄሊኮፕተር። ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሞተሩ ይጠፋል ብሎ ነው። በእርግጥ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ አይወድቅም። አብራሪው ዝቅ ሲያደርገው ከታች የሚመጣው አየር ከላይ ያለውን ሮተር፣ ማለትም የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ማሽከርከሩን ይቀጥላል፣ በዚያ ጉልበት ማረፍ ይቻላል። መፍትሔ የሌለው ሮተሩ ራሱ ሲሄድ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው። የሄሊኮፕተር ክንፍ ግን የሚሽከረከር ነው፣ የሚያሽከረክረውም በመሃል ያለው የማርሽ ሳጥን ነው። ሱፐር ፑማ በሚባለው ሄሊኮፕተር ላይ ሞተሩ በደቂቃ ከ20 ሺህ በላይ ይዞራል፣ ሮተሩ ደግሞ ወደ 265 ገደማ። ያንን ሁሉ ፍጥነት ወደ ጉልበት የሚቀይሩት ማርሾች ናቸው። ሁለት ሞተር ሊኖር ይችላል፣ ሁለት አብራሪ ሊኖር ይችላል፤ የማርሽ ሳጥኑ ግን አንድ ነው። ተጠባባቂ የለውም።

ኤፕሪል 1 ቀን 2009። አንድ ሱፐር ፑማ ከነዳጅ ማውጫ ወደ አበርዲን ሲመለስ የማርሽ ሳጥኑ ተሰብሮ ሮተሩ ተለየ። 16 ሰው ሞተ፣ የተረፈ የለም። አሁን የሚያንገበግበው ክፍል ይመጣል። ከሳምንት በፊት፣ ማርች 25፣ በዚያው ማርሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ማግኔት አንዲት የብረት ቅንጣት ይዞ ተገኝቷል። መካኒክ የሆነ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ ብረት ከታየ ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። በጥገና ሠራተኞቹና በአምራቹ መሃል ምልልስ ተደረገ፣ ግን መግባባቱ ተዛነፈ። መታየት የነበረበት ሁሉ አልታየም። ሳጥኑም ሳይወርድ በረራው ቀጠለ።

ሰባት ዓመት እንለፍ። ኤፕሪል 29 ቀን 2016። የዚያው ቤተሰብ የሆነ ኢሲ 225 ከጉልፋክስ ቢ ማውጫ 11 ተሳፋሪና 2 አብራሪ ይዞ ወደ ኖርዌይዋ በርገን እየገባ ነው። ወደ 600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁሉም ነገር ሰላም እያለ፣ ሮተሩ ተነቀለ። ቱሮይ የምትባል ደሴት አካባቢ የነበሩ ሰዎች ሮተሩ ብቻውን እየተሽከረከረ ሲሄድ፣ አካሉ ደግሞ ተለይቶ ሲወድቅ አይተዋል። 13ቱም ሞቱ። አብራሪዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም። ማድረግ የሚችሉትም አልነበረም።

መርማሪዎቹ ስብርባሪውን እያገጣጠሙ አንድ ማርሽ ላይ ደረሱ። ይህ ማርሽ ለየት ያለ ነው፤ ከውጭ ጥርስ አለው፣ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ የኩሽኔታው መሮጫ ነው። ማርሽም ኩሽኔታም በአንድ ብረት። ስንጥቁ የጀመረው ከኩሽኔታው ገጽ፣ በዓይን ከማትታይ ጉድጓድ ነው። ከዚያ ወደ ብረቱ ውስጥ ገባና እየተጠማዘዘ ወደ ጥርሱ ሄደ። ወደ ውስጥ ስለሄደ ብዙ ብናኝ አልጣለም፣ ብናኝ ስላልጣለ ማግኔቱ አልያዘውም። ንዝረት የሚከታተለው ኮምፒውተርም አላወቀም፣ በብዙ ማርሽ ጩኸት መሃል የአንዱን ማርሽ ሕመም መለየት አልቻለም። በ2009 ቢያንስ አንዲት ቅንጣት ነበረች። በ2016 እሷም የለችም። የኖርዌይ መርማሪዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት የሁለቱ አደጋ መሰባበር እንደሚመሳሰልና ከ2009 በኋላ የተወሰደው እርምጃ በቂ እንዳልነበር ጽፈዋል።

የምላሹ ነገር ደግሞ አሁንም ያከራክራል። ኖርዌይና ብሪታንያ ወዲያው አገዱ። ኢያሳ በጁን 2016 አገደና የዚያን ዓይነት ማርሽ አስወጥቶ፣ የአገልግሎት ዘመኑን አሳጥሮ፣ ምርመራውን አጥብቆ በኦክቶበር መልሶ ፈቀደ። ምርመራው ግን ገና አላለቀም ነበር። ኖርዌይና ብሪታንያ እስከ ጁላይ 2017 አልፈቀዱም። ከፈቀዱም በኋላ ሠራተኛው እምቢ አለ። ሰው በየሁለት ሳምንቱ የሚሳፈርበትን ነገር ካላመነ ወረቀት አያሳምነውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልሳፈርም ነበር። የሰሜን ባሕር ሥራ በብዛት ወደ ሲኮርስኪ ኤስ-92 ዞረ። እሱም የራሱ ስጋት አለው፤ አንድ ዓይነት ሄሊኮፕተር ላይ ሁሉም ከተንጠለጠለ የዚያ ዓይነት አንድ ጉድለት ሁሉንም ያቆማል።

ማሽን ብቻ አይደለም። ኦገስት 23 ቀን 2013 ሸትላንድ ደሴቶች፣ ሰምበርግ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ 18 ሰው የያዘ ሱፐር ፑማ ለማረፍ ሲጠጋ ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። አውቶፓይለቱ ቁልቁለቱን እንዲጠብቅ እንጂ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ አልታዘዘም ነበር። አብራሪዎቹ ዘግይተው አዩት። ባሕሩን መታው፣ ተገለበጠ። 4 ሰው ሞተ።

ተገለበጠ ስል ወደ ትከሻው እየተመለስን ነው። ሄሊኮፕተር ሞተሩም የማርሽ ሳጥኑም ጣሪያው ላይ ነው። ውኃ ላይ ሲወድቅ ከባዱ ከላይ ስለሆነ ይዞራል። ተሳፋሪው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ በጨለማ፣ ቀበቶውን ፈትቶ መስኮት ገፍቶ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ሠራተኞቹ ወደ ማውጫው ከመሄዳቸው በፊት ገንዳ ውስጥ በሚገለበጥ ሳጥን የሚለማመዱት። ከ2013ቱ አደጋ በኋላ የብሪታንያ አቪዬሽን ባለሥልጣን በ2014 ትልቅ ግምገማ አወጣ። ባሕሩ ከተወሰነ ማዕበል በላይ ከሆነ በረራ የለም ተባለ። የሚገፋ መስኮት አጠገብ ያልተቀመጠ ሰው ውኃ ውስጥ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ከሌለው አይሳፈርም ተባለ። የትከሻው ልኬት ደግሞ በኤፕሪል 2015 ሥራ ላይ ዋለ። በትዕዛዝ ወረቀት ላይ ደረቅ ዐረፍተ ነገር ነው። እዚያ ገንዳ ውስጥ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ከባሕሩ ውጭ ያለው ሄሊኮፕተር ሌላ ዓለም ነው። ትልቅ አውሮፕላን ከአየር ሁኔታው በላይ በርሮ፣ መብራትና የማረፊያ ምልክት ወዳለበት ማኮብኮቢያ ይወርዳል። የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ግን ሰው ባለበት ነው የሚያርፈው፤ ሽቦ ባለበት፣ በረዶ ባለበት፣ ጭጋግ ባለበት። በጃንዋሪ 2017 ጣሊያን ካምፖ ፌሊቼ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ የተጎዳ ሰው ለማንሳት የሄደ ሄሊኮፕተር በሽተኛውን ጭኖ ሲነሳ በጭጋግ ውስጥ ተራራ መታ። 6ቱም ሞቱ። እንዲህ ያለ በረራ ላይ አብራሪው «አልሄድም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው አስቡት፣ ሰው እየሞተ ነው ብለው ደውለውለት። ስለዚህ በደንብ የሚሠሩ ቦታዎች ላይ አብራሪው ውሳኔውን ሲሰጥ የበሽተኛውን ሁኔታ እንዳይነግሩት ይደረጋል። የሚያየው አየሩን ብቻ ነው።

ኦገስት 31 ቀን 2019 ደግሞ ሰሜን ኖርዌይ፣ አልታ አጠገብ፣ ከሙዚቃ ፌስቲቫል ሰው ለሽርሽር ያወጣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ወድቆ ተቃጠለ። 6 ሰው። ሄሊኮፕተሩ ገና አዲስ ነበር። ታዲያ የነዳጅ ታንከሩ ግጭት የሚቋቋም ለምን አልነበረም? ለአዲስ ዲዛይን ይህን ግዴታ ያደረገው ሕግ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አለ። ይህ ሄሊኮፕተር ግን ዲዛይኑ የጸደቀው በ1970ዎቹ ነው፣ ስለዚህ በ2019 ቢመረትም በአሮጌው ሕግ ነው የሚታየው። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል። መኪና እንዲህ ቢሸጥልን ዝም እንላለን?

እንግዲህ የሄሊኮፕተርን «አዝማሚያ» የሚያሳይ መስመር ስታዩ ይህን አስታውሱ። በዓመት የሚቆጠሩት ገዳይ አደጋዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ዓመት የሟች ቁጥር ዜሮ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ማርሽ ይሰነጠቅና 13 ይሆናል። በዜሮው ዓመትም ማርሹ እዚያው ነበር። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ሳይሆን የአምስትና የአሥር ዓመት አማካይ ነው የሚታየው፤ ከዚያም በላይ ከአደጋ በታች ያለው ክምችት ነው የሚታየው። ኢያሳ በ2018 ለሄሊኮፕተር ብቻ የሚሆን ዕቅድ አውጥቶ በአሥር ዓመት ውስጥ ደህንነቱን በ50 በመቶ አሻሽላለሁ ብሏል። የሚለካውም ገና ነው።

ያ ከአደጋ በታች ያለው ክምችት ምንድን ነው? ሪፖርት ነው። በኅብረቱ ሕግ አብራሪ፣ መካኒክ፣ ተቆጣጣሪ አደጋ ሊሆን የቀረበ ነገር ሲያይ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሪፖርት ያደረገ ሰው፣ ሆን ብሎ ካላጠፋ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ከሌለበት፣ እንዳይቀጣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ያቺ የማርች 25 ቅንጣት የዚህ ዓይነት ነገር ናት። የሪፖርት ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ዜናው «የበረራ ችግር በዛ» ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የበዛው የሚናገር ሰው ነው።

አሁን አውሮፓ ውስጥ በዚህ ክምችት ውስጥ በጣም የሚታየው የጂፒኤስ መታወክ ነው። ከ2022 ጀምሮ በባልቲክ፣ በጥቁር ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበሩ አውሮፕላኖች ምልክቱ ይጠፋባቸዋል፣ አንዳንዴም የሌሉበትን ቦታ ያሳያቸዋል። በኤፕሪል 2024 ሁለት የፊንኤር በረራዎች ኢስቶኒያ ታርቱ ለማረፍ ሄደው በዚህ ምክንያት ሳያርፉ ወደ ሄልሲንኪ ተመለሱ። የታርቱ ማረፊያ አቀራረብ በጂፒኤስ ላይ የቆመ ነበር። አየር መንገዱ እንሞክር አላለም፤ በረራውን ለአንድ ወር ዘጋ። በዚያ ወር ውስጥ ጂፒኤስ የማይፈልግ ሌላ የማረፊያ መንገድ ተዘጋጀ፣ በጁን መጀመሪያ በረራው ተመለሰ። በአደጋ ሰንጠረዡ ላይ ታርቱ የለችም።